የመርከብ ክፍልን አስቀድሞ መያዝና የቀብድ ምሥጢር

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፥ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ወጥ ቤት ቢሆንም፥ ከወጥ ቤት ይልቅ የሚያስፈልገው ለገበያ ነው። እህሉ ገና በማሳ ላይ ሳለ ለገበሬው ቀብድ የሚሰጥ ነጋዴ፥ በመከር ጊዜ ከሚመጣው ገዥ ይልቅ በረከሰ ዋጋ ይገዛል። ስለ ምን ቢሉ፥ ገበሬው አስቀድሞ ገንዘብ በማግኘቱ ከጭንቀት ያርፋል፤ ነጋዴው ደግሞ ዝናም ቢጐድል ወይም አንበጣ ቢወርድ ከጉዳቱ ድርሻ ሊደርስበት እንደሚችል አውቆ ገብቷል። እንግዲህ የዋጋው መርከስ የቸርነት ስጦታ ሳይሆን፥ ነጋዴው ለተሸከመው ሥጋት የተከፈለ ዋጋ ነው።

ይህ በእህል ገበያ የታወቀ ሕግ በባሕር ላይ በሚሠራ በአንድ ታላቅ ንግድ ውስጥ እንዳለ ይገኛል። ይኸውም የሽርሽር መርከብ ንግድ ነው። የሽርሽር መርከብ ማለት መንገደኛን ካንዱ ወደብ ወደ ሌላው ለማድረስ ብቻ የቆመ ሳይሆን፥ መኝታውን፥ ምግቡንና መዝናኛውን በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ፥ ለጥቂት ቀን ወይም ለብዙ ሳምንት ከወደብ ወደ ወደብ የሚያዞር፥ በመጨረሻም ብዙውን ጊዜ ወደ ተነሣበት የሚመልስ ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። ይህን ጉዞ የሚሸጡት ኩባንያዎች «ክፍሉን አስቀድሞ ለያዘ ሰው ይህን ያህል ቅናሽ ይደረግለታል» እያሉ በየዓመቱ ያስታውቃሉ። ቅናሹ እውነተኛ ነውን? እውነተኛስ ከሆነ ማንን ይጠቅማል? ጉዳት የሚሆነውስ መቼ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ገንዘቡን በጥንቃቄ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ሊመረምራቸው የሚገቡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ንግዱ ከባዶ ክፍል እንደ ተወለደ

የንግዱ አጀማመር ራሱ ነገሩን ያስረዳል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከሐምቡርግ ወደ አሜሪካ መርከብ ከሚልከው ኩባንያ ሹማምንት አንዱ የነበረው አልቤርት ባሊን አንድ ችግር ገጠመው። ታላላቆቹ መርከቦች በሙቀቱ ወራት ሰው ሞልተው ወደ ኒው ዮርክ ይመላለሳሉ፤ በብርዱ ወራት ግን የሰሜን አትላንቲክን ማዕበል ለመሻገር የሚደፍረው ሰው ጥቂት ስለሚሆን ያለ በቂ ሥራ ይቀመጣሉ። የቆመ መርከብ ደግሞ ገቢው ይቀራል እንጂ ወጪው አይቀርም። ስለዚህ ባሊን አውግስታ ቪክቶሪያ የምትባለውን መርከብ 241 መንገደኞች አሳፍሮ በ1891 ዓ.ም. ጃንዋሪ 22 ቀን ከኩክስሃፈን ወደብ ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ለሽርሽር ላካት። ጉዞው ሁለት ወር ያህል ፈጅቶ በመልካም ተፈጸመ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ለሽርሽር ብቻ ታስባ የተሠራችው ፕሪንሴሲን ቪክቶሪያ ሉዊዘ የምትባለው መርከብ ወደ ውሃ ወረደች።

እንግዲህ ይህን ንግድ የወለደው የባዶ ክፍል ፍርሃት ነው። ያም ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። በ2024 ዓ.ም. ሥራ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የምትባለው መርከብ 2,805 ክፍሎች አሏት፤ አልጋዋ ሁሉ ሲሞላ እስከ 7,600 መንገደኞች ትይዛለች። ጨርቅ ነጋዴ ዛሬ ያልሸጠውን ጣቃ ነገ ይሸጠዋል፤ መርከብ ግን መልሕቁን ባነሣ ሰዓት ባዶ የቀረው ክፍል ለዚያ ጉዞ ዳግመኛ አይሸጥም። ነዳጁ፥ የመርከበኞቹ ደመወዝና የወደቡ ኪራይ ክፍሉ ቢሞላም ባይሞላም ይከፈላል። ከዚህም በላይ መንገደኛ ተሳፍሮ ሳለ ለመጠጥ፥ ለገበያና በየወደቡ ለሚደረገው ጉብኝት ገንዘብ ያወጣል። ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ገቢ ሲሶ ያህሉ የሚገኘው ከዚህ ነው። ስለዚህ ባዶ ክፍል ሁለት ጊዜ ያከስራል፤ የቲኬቱ ዋጋ ይቀራል፥ በመርከቡ ላይ ሊወጣ የነበረውም ገንዘብ አብሮ ይቀራል።

ኩባንያው ስለ ምን ይቀንሳል

ኩባንያዎቹ የጉዞአቸውን ዝርዝር ብዙውን ጊዜ መርከቡ ከሚነሣበት ቀን ዓመት ተመንፈቅ ወይም ሁለት ዓመት አስቀድመው ለሽያጭ ያወጣሉ። በመጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋ በአብዛኛው ዝቅ ያለ ነው፤ ክፍሎቹ እየተያዙ ሲሄዱ ዋጋው ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል። ሒሳቡ የሚሠራው የቀሩትን ክፍሎች ብዛት ከቀሩት ቀኖች ቁጥር ጋር በማነጻጸር ነው። ቀድሞ የከፈለ ሰው ለኩባንያው የሚሰጠው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ «ይህ ክፍል ባዶ አይቀርም» የሚል መተማመኛ ጭምር ነው። ኩባንያውም የሚመልስለት ቅናሽ የዚያ መተማመኛ ዋጋ ነው።

ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያሉት ሦስት ወራት በንግዱ ሰዎች ዘንድ «የማዕበል ወራት» ይባላሉ። ይህም ስም የወጣው በባሕሩ ሁኔታ ሳይሆን፥ ክፍል የሚይዘው ሰው በነዚያ ወራት እንደ ማዕበል ስለሚጐርፍ ነው። በዚህ ጊዜ ኩባንያዎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚፎካከሩ ዋጋ ከመቀነሳቸውም ሌላ ቀብዱን ያሳንሳሉ፥ የመጠጥን ዋጋ ይጨምራሉ፥ ወይም በመርከቡ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ይመርቃሉ። ምርቃቱ የሚጠቅመው ግን ለሚጠቀምበት ሰው ብቻ ነው። መጠጥ የማይጠጣ ሰው በነጻ መጠጥ ስም ከፍ ያለ ዋጋ ቢከፍል አተረፈ ሊባል አይችልም።

አስቀድሞ የያዘ ሰው የሚያገኘው

ከቅናሹ የሚበልጠው ጥቅም ምርጫ ነው። በአንድ መርከብ ውስጥ ያሉት ክፍሎች ስማቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው። መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል አለ፥ ወደ ባሕር የሚያሳይ መስኮት ያለው አለ፥ ሰገነት ያለው አለ፥ ከዚያም በላይ እንደ ቤት የሰፋ አለ። ባሕር የሚያምመው ሰው በመርከቡ ወገብ አጠገብና በታችኛው ደርብ ያለውን ክፍል ቢይዝ መናወጡ ይቀንስለታል። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ደግሞ ከቴያትር አዳራሽ በላይ ወይም ከመብል አዳራሽ በታች ያለውን ክፍል መሸሽ ይገባዋል። ይህን ሁሉ ለመምረጥ የሚችለው ቀድሞ የደረሰ ነው።

የክፍል ቦታ ብልጫ በቀይ ባሕር መንገድ ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነው። የስዌዝ ካናል በ1869 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ከእንግሊዝ ወደ ሕንድ የሚሄደው መርከብ ቀይ ባሕርን ይዞ ወደ ደቡብ ሲወርድ፥ የከሰዓት በኋላው ፀሐይ የሚያርፈው በቀኝ ጐኑ ነበር፤ በግራው የተኛ ሰው ግን ጥላ ያገኝ ነበር። በመልሱ ጉዞ ነገሩ ይገለበጣል። የአየር ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደ ነበረ የምጽዋንና የዓደንን ሙቀት የቀመሰ ሁሉ ይረዳዋል። «ፖሽ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ሲሄዱ በግራ፥ ሲመለሱ በቀኝ» ከሚሉት ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ተውጣጥቶ የተገኘ ነው እየተባለ ይተረካል፤ ነገር ግን የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት ለዚህ ማስረጃ አላገኙለትም። ተረቱ እውነት ባይሆንም ትምህርቱ እውነት ነው፤ በአንድ መርከብ ተሳፍረው ሁለት ሰዎች ሁለት ልዩ ልዩ ጉዞ ሊጓዙ ይችላሉ።

ፈጥነው የሚያልቁትም ክፍሎች የታወቁ ናቸው። ሦስትና አራት ሰው የሚያስተኙ የቤተ ሰብ ክፍሎች፥ በውስጥ በር የሚገናኙ ጥንድ ክፍሎች፥ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች የተዘጋጁ ክፍሎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰውም ችግር አለበት፤ የክፍል ዋጋ የሚታሰበው በሁለት ሰው ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ የሁለቱን ያህል ይከፍላል። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረችው ኖርዌጂያን ኤፒክ የምትባለው መርከብ ለብቸኛ መንገደኛ ብቻ የተሠሩ 128 ክፍሎች ይዛ በመምጣትዋ ይህን ሸክም አቃልላለች፤ ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነት ክፍሎች እስከ ዛሬ ከፈላጊው ቁጥር ያነሱ ናቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በአደጋ ጊዜ ለሕይወት ማዳን የተመደበው ጀልባና ስፍራ የሚችለው የሰው ቁጥር የተወሰነ ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን ያለው ቁጥር ከሞላ፥ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳለ እንኳ ሦስተኛውና አራተኛው አልጋ ለሽያጭ ይዘጋል። ከልጆቹ ጋር የሚጓዝ አባት በመጨረሻ ሰዓት መጥቶ «ክፍል እያለ ስለ ምን ይከለክሉኛል?» ቢል መልሱ ይህ ነው።

መጠበቅ የሚያዋጣው ለማን ነው

በሌላ ወገን «እስከ መጨረሻው የጠበቀ ሰው ከሁሉ ይልቅ በርካሽ ይገዛል» የሚሉ አሉ፤ ይህም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ሙሉው ዋጋ ተከፍሎ የሚያልቅበት ቀን ሲደርስ ብዙ ሰዎች የያዙትን ይለቃሉ፤ ኩባንያውም የተለቀቁትንና ያልተሸጡትን ክፍሎች ቈጥሮ አንዳንድ ጊዜ ዋጋውን እጅግ ይቀንሳል። በወደብ አጠገብ ለሚኖር፥ ጊዜው በእጁ ለሆነ፥ የትኛውም ክፍል ቢሰጠው ለማይከፋው ሰው ይህ መልካም ዕድል ነው።

የትምህርት ቤት ዕረፍት ጠብቆ ከቤተ ሰቡ ጋር ለሚሄድ ሰው ግን ሒሳቡ ይለያል። ለመረዳት ያህል፥ ባልና ሚስት በ1,800 ዶላር ሊይዙት የሚችሉትን ክፍል ጠብቀው በ1,500 ዶላር አገኙት እንበል። 300 ዶላር አተረፉ። ነገር ግን ወደ ወደቡ የሚያደርሳቸው የአውሮፕላን ቲኬት በመዘግየታቸው ለያንዳንዳቸው ከ400 ወደ 600 ዶላር ቢወጣባቸው፥ 400 ዶላር ጨመሩ ማለት ነው። ትርፍ የመሰለው ነገር በመጨረሻው 100 ዶላር ኪሳራ ሆነ። ቁጥሩ ለምሳሌ የተሰጠ እንጂ የማንም ኩባንያ ዋጋ አይደለም።

ከዚህም ሌላ መጠበቅ ከቶ የማያዋጣባቸው ስፍራዎች አሉ። በጋላፓጎስ ደሴቶች አንድ መርከብ ከ100 መንገደኞች በላይ እንዲይዝ አይፈቀድለትም። በአንታርክቲካ ከ500 በላይ መንገደኞች የያዘ መርከብ ሰው ወደ ምድር አያወርድም፤ ሌሎቹም ባንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ አያወርዱም። የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖም ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ በቀን የሚቀበላቸውን ታላላቅ መርከቦች በአምስት ወስኗል። ቦታው በተወሰነበት ስፍራ ባዶ ክፍል ጥቂት ነው፤ ባዶ ክፍል በሌለበትም የመጨረሻ ሰዓት ቅናሽን ተስፋ ማድረግ ከንቱ ነው።

ቀብድ ጉዳት የሚሆንበት ጊዜ

አስቀድሞ መያዝ ይህን ያህል ጥቅም ቢኖረውም፥ ለእህል ቀብድ የሰጠው ነጋዴ አንበጣን እንደሚፈራ ሁሉ የመርከብ መንገደኛም የሚፈራው ነገር አለ። በ2020 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ ዳይመንድ ፕሪንሰስ የምትባለው መርከብ በኮሮና በሽታ ምክንያት በዮኮሃማ ወደብ ከሰው ተለይታ እንድትቆይ ተደረገ፤ በማርች 14 ቀንም የአሜሪካ መንግሥት የሽርሽር መርከቦች እንዳይንቀሳቀሱ ትእዛዝ አወጣ። በዚያ ጊዜ ብዙ ኩባንያዎች ለከፈለው ሰው በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ለወደፊት ጉዞ የሚሆን የብድር ወረቀት አቀረቡለት። ወረቀቱን የተቀበሉት መርከቦቹ እንደ ገና እስኪነሡ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

በ2023 ዓ.ም. ኖቬምበርም ከኢስታንቡል ተነሥቶ ሦስት ዓመት ዓለምን ሊዞር የታሰበ ጉዞ፥ የመነሻው ቀን አንድ ሁለት ጊዜ ከተላለፈ በኋላ መርከቡ ስላልተገኘ ፈጽሞ ተሰረዘ። ከተመዝጋቢዎቹ መካከል ቤታቸውን ሸጠው ወይም አከራይተው የተዘጋጁ ነበሩ። የነዚህ ሰዎች ስሕተት አስቀድሞ መክፈላቸው ሳይሆን፥ ገና በሻጩ እጅ ላልገባ መርከብ መክፈላቸው ነው። ማሳ ለሌለው ገበሬ ቀብድ የሚሰጥ ነጋዴ የለም።

በዚያው ወር በቀይ ባሕር በሚያልፉ የንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት በመጀመሩ፥ ብዙ የሽርሽር ኩባንያዎች በ2024 ዓ.ም. በስዌዝ በኩል ሊያደርጉት የነበረውን ጉዞ ሰረዙ፤ ሌሎችም አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞሩ። የስዌዝን ካናልና የአቃባን ወደብ ለማየት ዓመት አስቀድሞ የከፈለ ሰው ኬፕ ታውንን አይቶ ተመለሰ። እንዲሁም በ2024 ዓ.ም. ማርች 26 ቀን፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተን ከተማ አቅራቢያ ባለው በባልቲሞር ወደብ፥ አንድ የጭነት መርከብ ታላቁን ድልድይ ገጭቶ ስለጣለው የመርከቡ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ የሚነሡት የሽርሽር መርከቦች ለጊዜው ወደ ኖርፎክ ተዛወሩ፤ በባሕር ላይ የነበሩትም መንገደኞች ኖርፎክ ወርደው በአውቶቡስ ወደ ባልቲሞር ተመለሱ። በብዙዎቹ ውሎች ኩባንያው ወደብ ቢለውጥ ካሣ የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ ይህን አስቀድሞ ማንበብ የፈራሚው ፈንታ ነው።

መንግሥታትም ስለዚህ ሥጋት ዝም አላሉም። የአውሮጳ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት፥ ተጠቃሎ የተሸጠ ጉዞ ዋጋው ከውሉ በኋላ ከመቶ 8 በላይ ከጨመረ ገዥው ያለ ቅጣት ሊሰርዝ ይችላል፤ ሻጩ ጉዞውን ቢሰርዝም ገንዘቡን በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። በአሜሪካ ደግሞ በ2022 ዓ.ም. የጸናው ደንብ፥ ከአሜሪካ ወደብ የሚነሣ ጉዞ ቢሰረዝ ወይም መነሻው 3 ቀንና ከዚያ በላይ ቢዘገይ ጉዞውን ለተወ መንገደኛ ገንዘቡ እንዲመለስለት ያዛል። ስለዚህ ውሉ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚዳኝ ማወቅ ከቅናሹ መጠን ያላነሰ ቁም ነገር ነው።

ስለ ቀኖችና ስለ ሒሳብ

አስተዋይ መንገደኛ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገሮችን ለይቶ መጻፍ ይገባዋል። አንደኛው የቀብዱ ዓይነት ነው። የሚመለስ ቀብድ አለ፥ የማይመለስም አለ፤ የማይመለሰው በርካሽ ይሸጣል፥ ምክንያቱም መንገደኛው መመለሻውን ራሱ ዘግቷል። ሁለተኛው ሙሉው ዋጋ ተከፍሎ የሚያልቅበት ቀን ነው። ይህም በብዙ ኩባንያዎች ከመነሻው 75 ወይም 90 ቀን በፊት፥ ለረጅም ጉዞ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሰረዘ ሰው ቅጣቱ እየከበደ ሄዶ በመጨረሻው ሙሉውን ዋጋ ያጣል። ሦስተኛው የጠቅላላው ወጪ ድምር ነው። በአሜሪካ ታላላቅ መርከቦች ላይ ለአገልጋዮች ጉርሻ ተብሎ በቀን ለያንዳንዱ ሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር ያህል ይታሰባል፤ የወደብ ክፍያም አለ። ቅናሹ ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደ ተቀነሰ ሳይመረምሩ «ከመቶ ይህን ያህል» በሚለው ቃል መደሰት፥ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ጽፎ የሚሰርዝን ባለ ሱቅ ማመን ነው። ሁሉን ደምሮ ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት ስንት እንደሚደርስ ማስላት እውነተኛውን ዋጋ ይገልጣል።

ቀብድ የሰጠ ሰው ደግሞ መተኛት የለበትም። የመጨረሻው ክፍያ ቀን ሳይደርስ የዚያው ክፍል ዋጋ ቢቀንስ፥ በአሜሪካ ገበያ ኩባንያውን ወይም ወኪሉን ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ በአዲሱ ዋጋ ይታሰብለታል፥ ወይም ልዩነቱ በመርከብ ላይ ወጪ ይካካስለታል። ያልጠየቀ ግን አያገኝም። በዚህ መንገድ አስቀድሞ የያዘ ሰው የቀዳሚነትንም የጠባቂነትንም ጥቅም ባንድነት ይይዛል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለበት። በሜዲቴራኒያን ለሚደረግ ጉዞ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ መርከቡ ወደ ቱርክ ወጥቶ ወደ ግሪክ የሚመለስ ከሆነም ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። የቪዛው ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ሊቀርብ አይችልም፤ የመጨረሻው ክፍያ ቀን ደግሞ ሦስት ወር ሲቀረው ይደርሳል። ስለዚህ ለቪዛው መልስ የሚበቃው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው። ማመልከቻው በስድስተኛው ወር መግቢያ ካልቀረበ፥ ሰውየው መግባት መቻሉን ሳያውቅ ሙሉውን ዋጋ ለመክፈል ይገደዳል። ለእንዲህ ያለው ሰው የማይመለስ ቀብድ በምንም ያህል ቅናሽ ቢቀርብ ርካሽ አይደለም።

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የሚለው ተረትና በመጀመሪያ የተጠቀሰው ተረት እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አይጣሉም። መቅደም ሌላ፥ መቸኰል ሌላ ነው። የቀደመ ሰው ቀኑን ቈጥሮ፥ ውሉን አንብቦ፥ ሊያጣው የሚችለውን መጠን አውቆ ቀብዱን ይሰጣል። የቸኮለ ሰው ግን የቅናሹን ቁጥር ብቻ አይቶ ይፈርማል። ኩባንያው ለሁለቱም የሚሸጥላቸው ክፍል አንድ ነው፤ ችግር በመጣ ቀን ግን አንደኛው ውሉን ያወጣል፥ ሁለተኛው ድስት ጥዶ ያለቅሳል።